ወፊቱ የነገረችው ምንጭ

ሰሌዳው የተሰቀለው በሩ አጠገብ ነበር። ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት የሚመጣውን ሳምንት መርሐ ግብር በጠመኔ የምጽፍበት እኔ ነበርኩ። ሰኞ አማርኛ፣ ማክሰኞ የአገር ባህል፣ ረቡዕ የምንጭ ግንባታ፣ ሐሙስ እንደገና አማርኛ። ሠልጣኞቹ ከየአገሩ የመጡ ስምንት ፈረንጆች ናቸው። ጎጃምን ሊረዱ ደብረ ማርቆስ ገብተዋል፤ ግን ከመርዳታቸው በፊት እንደ ሰው ሰላምታ መስጠት ነበረባቸው፣ እሱን የማስተምራቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰዎች ደብተራቸውን ይዘው ፊቴ ሲቀመጡ ኩራቴን መደበቅ አልችልም ነበር፤ ለመደበቅም ብዙ አልሞከርኩም።

የሥልጠናው ኃላፊ ረጅም፣ ከሲታ ፈረንጅ ነበር። አማርኛውን ከእኔ በፊት ከሌላ መምህር የተማረ ሲሆን፣ ከአክብሮት ብዛት ለሰውም ለከብትም «እርስዎ» ነው የሚለው። አንድ ቀን የግቢውን ውሻ «እባክዎ ይውጡ» ሲለው ሰማሁት። ላርመው አሰብኩና ተውኩት። ለውሻ «እርስዎ» ማለት ለሽማግሌ «አንተ» ከማለት ይሻላል።

የመጨረሻው ሳምንት የመስክ ልምምድ ነበር። ሠልጣኞቹ አንድ መንደር ሄደው ከሕዝቡ ጋር አንድ ነገር ሠርተው ይመለሳሉ። ሲሚንቶና ቧንቧ ተዘጋጅቷል፤ የሚበቃው ግን ለአንድ መንደር ብቻ ነው። ሁለት መንደሮች ታጩ። አንዱ ከጉንደ ወይን ወዲህ ያለ ነው። ሌላው ከይጁቤ ገበያ ተነስቶ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ይሆናል፤ እሱ የተወለድኩበት ነው። ስሙን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኃላፊው አንድ ደንብ ነበረው፣ በትልልቅ ፊደል ሰሌዳው ላይ አስጽፎኛል፦ «የጎደለውን ሕዝቡ ራሱ ይናገር፤ እኛ አንናገርለትም።» ደንቡን ወድጄው ነበር። ጣጣው የታየኝ በኋላ ነው።

መንደራችን ውሃ የለውም። ሴቶቹ ገደል ወርደው ከወንዝ ይቀዳሉ፣ እንስራውን አዝለው ዳገቱን ይወጣሉ። በቀደመው ክረምት እናቴ እዚያ ዳገት ላይ ከነእንስራዋ ወድቃ ወገቧን ተጎድታለች። አንድ ወር ተኝታ ተነሳችና እንደገና ወረደች፤ ሌላ የሚወርድላት አልነበረም። እኔ ማርቆስ ተቀምጬ ለፈረንጅ «ውሃ ጠማኝ» ማለትን ሳስተምር እናቴ ወገቧን በመቀነት አስራ ትወርዳለች። ስለዚህ ያንን ሲሚንቶ ለመንደሬ ሳላመጣ እንደማልተኛ ለራሴ ምዬ ነበር።

ለጭቃ ሹሙ፣ ማለትም የመንደራችን ሹም ለሆነው ሰው፣ ደብዳቤውን የጻፍኩትም፣ ማኅተም ያስመታሁበትም ራሴ ነኝ። ሰው እንዳይቀር ብዬ ቃሉን አጠበቅሁት፦ «የቤት አባወራ ሁሉ ማክሰኞ ጠዋት ዋርካው ሥር ይገኝ፤ አንድም ሰው እንዳይቀር።» የጽሑፌ ማማር ታይቶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያላወቅሁት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከመንደሩ አንድ በሬ መሰረቁን ነው።

ማክሰኞ ላንድሮቨራችን ሲደርስ ወንዱ ሁሉ ዋርካው ሥር ተደርድሮ ጠበቀን። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ መሬት መሬት ያያል። ጭቃ ሹሙ ገና ሳንቀመጥ ሁሉንም አስማላቸው። ፈረንጆቹ የጸሎት ሥርዓት መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ኃላፊው ተነስቶ፣ «ችግራችሁን ልንሰማ መጥተናል። እስክትነግሩን ድረስ እዚሁ ነን፤ የትም አንሄድም» አለ። ያንን ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ትዕግሥት ያሳያል ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ሰው ተነሳና «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው። አባቴ ተራው ሲደርስ ቀና ብሎም ሳያየኝ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ። እስከ ቀትር ድረስ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣም። አንዲት ሠልጣኝ ጠጋ ብላ፣ «እነዚህ ሰዎች ምንም ችግር የለባቸውም ማለት ነው?» አለችኝ። ልጮህባት ምንም አልቀረኝም። ጩኸቱ የሚገባው ለእሷ አልነበረም።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ጭቃ ሹሙ የበሬውን ስርቆት በጆሮዬ ሲነግረኝ ነው። አውጫጭኝ ጠርቻለሁ። በእኛ አገር ሌባ ሲጠፋ፣ የአካባቢው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ምሎ፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። በሬው ጠፍቷል፣ አንድ ሰው እንዳይቀር የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደርሷል፣ ፈረንጅ ደግሞ እስክትናገሩ ድረስ አልሄድም ብሏል። እኔስ ብሆን ምን እል ነበር?

ስንመለስ ኃላፊው መኪናው ውስጥ ወደ እኔ ዞረ። «መምህርት፣ መንደሩ አጠገብ ምንጭ የለም?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

ዋሸሁ። ምንጭ አለ። ከቤታችን ጓሮ በላይ፣ እንስራ ይዘው ወጥተው ሞልተው የሚመለሱበት ቅርብ ቦታ ላይ ይፈልቃል። ግን የሚፈልቀው በአባቴና በአጎቱ ልጅ ርስት ድንበር ላይ ነው። ሁለቱ በዚያ ድንበር ሲሟገቱ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል። ከወረዳ እስከ አውራጃ ዳኛ ፊት ቆመዋል። ሙግቱ እስኪያልቅ ድረስ አንዱ ከቀዳ ለርስቱ ምስክር ይሆንለታል ተብሎ፣ አባቴ በወዲህ በኩል፣ ዘመዱ በወዲያ በኩል በእሾሃም ቆንጥር አጠሩት። የመንደሩ ሰው ግማሹ የእኛ ወገን፣ ግማሹ የእሱ ነው። «ምንጭ» ብሎ በአደባባይ የተናገረ ሰው ለአንዱ እንደመሰከረ ይቆጠራል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ፣ እኛ ነን።

እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ። ሰው ሴት ልጅ አታስተምር ሲለው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ትምህርት ቤት የሰደደኝ እሱ ነው። ስሙን በፈረንጅ ፊት ማንሳት አፈርኩ፣ ፈራሁም። ለሰው «ተናገር» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ራሴ ከአባወራዎቹ አንዷ ሆንኩ። ከይጁቤ እስከ ማርቆስ ድረስ በራሴ ላይ ስናደድ ሄድኩ።

በማግስቱ ኃላፊው ሰሌዳውን ሲያይ አገኘሁት። ዓርብ በሚለው ሥር የጉንደ ወይኑን መንደር ሊያስጽፈኝ ነው። ጠመኔውን ከእጁ ወሰድኩ። «አንድ ቀን ይስጡኝ» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የጠራኋቸው እንደ ሌባ ነው። አሁን ደግሞ እንደሚያውቁት አድርጌ ልጠይቃቸው።» ስለ ምንጩ አልነገርኩትም። ብነግረውም ዋጋ የለውም፤ ሁለቱ ባለርስቶች በሰው ፊት ካልለቀቁት ሲሚንቶው አይፈስበትም። «ሐሙስ ይሂዱ» አለኝ።

አውጫጭኝ ሌላ መልክም አለው። ሰው በአደባባይ መናገር ሲፈራ አንድ የታመነ ሽማግሌ ይመረጣል። ሁሉም ተራ በተራ ጠጋ ብሎ የሚያውቀውን በጆሮው ይነግረዋል። ሽማግሌው በመጨረሻ ተነስቶ «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ይላል። ወፏ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ በዚያ የተጣላ ሰው ከአገር ይወጣል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ሥርዓት ትቼ ከፈረንጅ ደንብ ጋር ስታገል ነበር የከረምኩት።

ዕለቱኑ ቀድሜ ወደ መንደር ሄጄ መሪጌታውን ለመንኳቸው። ዲማ ቅኔ ቤት ተምረው፣ እዚያው አስተምረው፣ ዓይናቸው ሲጠፋ ወደ መንደራችን የተመለሱ አዛውንት ናቸው። የማንም ወገን አይደሉም።

«ሌባ ፍለጋ ነው?» አሉኝ።

«የለም አባቴ፣ የጎደለንን ፍለጋ ነው። ሴቶችም እንዲናገሩ እፈልጋለሁ።»

«ሴት በአውጫጭኝ ቆማ አታውቅም።»

«ውሃ የሚቀዱትስ ወንዶቹ ናቸው?»

ሳቅ አሉና፣ «ለዓይነ ስውር ሁሉም ወፍ አንድ ነው» ብለው ዘንጋቸውን አነሱ።

ሐሙስ ሰው ሁሉ መጣ፣ ሴቶቹም ጭምር። ፈረንጆቹን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኳቸውና ምንም እንዳይናገሩ አልኳቸው፤ ለእነሱ ከባዱ ትምህርት እሱ ነበር። ሰው አንድ በአንድ ወደ መሪጌታው እየተጠጋ በጆሯቸው ተናገረ። አባቴ ነገረ፣ ዘመዱ ነገረ። እናቴ ወገቧን ይዛ ጎንበስ አለች፣ ቀና ስትል ግን ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ማንም እንዳልቀረ ሲታይ፣ እኔ ተነሳሁ። አባቴ ሲያየኝ አይቻለሁ። ግን ሄድኩ።

ወደ መሪጌታው ስጎነበስ አስቀድመው እሳቸው ተናገሩ። «ሁሉም ውሃ፣ ውሃ ይለኛል። ከየት እንደሆነ የሚነግረኝ ጠፋ» አሉ በሹክሹክታ።

ነገርኳቸው። ምንጩን፣ ቆንጥሩን፣ የሁለቱን ስም። የአባቴን ስም አስቀደምኩ፤ የሌላውን አስቀድሜ ቢታወቅ ኖሮ ልጁ ለአባቷ አድልታ ተናገረች ይባል ነበር፣ እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ድምፄን ያውቁታል። እጄን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ።

ከዚያ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ወፍ እንዲህ አለችኝ» አሉ። «ይህ አገር የጎደለው ውሃ ነው። ውሃው ግን አልጎደለም። ሁለት ሰዎች አጥረውበት ነው።» ስማቸውን ጠሩ። ዋርካው ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደ ሁለቱ ዞረ።

አባቴ ብድግ አለ። ቁመቱ ያን ቀን ከወትሮው የረዘመ መሰለኝ። «ወፏ ማን ናት ብዬ አልጠይቅም» አለ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። የማንን ስም አስቀደመች?»

«ያንተን» አሉ መሪጌታው።

ዘመዱ ከወዲያ በኩል ፈገግ ሲል አየሁት። አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። ወደ እኔ አላየም። «እንግዲያው ስሜ ከቀደመ መክፈቱም ከእኔ ይቅደም» አለ። «ሙግቱ ይቀጥላል፤ በርስት ቀልድ የለም። ውሃው ግን የአገር ነው። በእኔ በኩል ያለው ቆንጥር አሁን ይነሳል።» ይህን ብሎ መጥረቢያ ሊያመጣ ወደ ቤት ሄደ።

የዘመዱ ፈገግታ ጠፋ። ብቻውን ያጠረ ሰው ሆኖ መቅረት አልፈለገምና እያጉረመረመ እሱም ተነሳ። ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ሁለቱ ሳይነጋገሩ፣ አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ ሆነው ሲቆርጡ፣ ሠልጣኞቹ ቆንጥሩን እየጎተቱ እጃቸውን አደሙ። ኃላፊው ወደ ላይ ወደ ላይ እያየ ቧንቧው የሚያልፍበትን ይለካል፤ መንገዱ ላይ የቆመችውን ላም «እባክዎ ያሳልፉኝ» ሲላት ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። ዓርብ በሚለው ሥር የምጽፈው የመንደሬን ስም እንደሆነ ያን ጊዜ አረጋገጥኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ እንስራዋን አዝላ ከጓሮ ወጣች። አባቴ ደጅ ተቀምጦ እሾህ ከመዳፉ ይነቅላል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«ያቺን ወፍ ብታገኚያት» አለኝ፣ ዓይኑን ከመዳፉ ሳያነሳ።

«ምን ልበልልዎ?»

«እናትሽ ከመውደቋ በፊት የት ነበርሽ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

ሰባት ዓመት ሙሉ እሱ አጥሮ እኔ ዝም ብያለሁ። ሮጥ ብዬ እናቴ ላይ ደረስኩና እንስራውን ከጀርባዋ ተቀብዬ ወደ ምንጩ ወጣሁ።