ለባቡር ጣቢያ የተቀቀለ ንፍሮ

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲዞር እፍኜን ይዤ ሳልበላ ቀረሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤቴ «ጥርስህን ነው?» አለኝ። ድንጋይ የሚፈጭ ጥርስ አለኝ፤ ንፍሮ ግን እንግሊዝ አገር ያለች አንዲት ባቡር ጣቢያ ያስታውሰኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ለምትሠራ እንግሊዛዊት ነርስ አስተርጓሚ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ አሥር ቃል አይሞላም፤ የጎደለውን ከሆዴ እሞላዋለሁ። ያን ዓመት ዝናቡ ቀርቶ፣ ሰው ሁሉ የዘር እህሉን ተንተርሶ ነበር የሚያድረው።

አንድ ጠዋት ሲስተር ከአገሯ ወሬ ደርሷት ዓይኗ ቀልቶ አገኘኋት። ፎቶ አሳየችኝ፤ ሰሜን እንግሊዝ ያለች የመንደሯ ባቡር ጣቢያ ናት። የድንጋይ ቤት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በርሜል ውስጥ የተተከለ አበባ። ከእኛ የበግ በረት አትሰፋም። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እዚያ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስም ባቡር የሚያሳልፍበትን ባንዲራ ይዞ ይቀበላት ነበር። አሁን ተዘጋች።

ለዚህ ይለቀሳል? ደጅ ለተሰለፈው ሕመምተኛ ፊቴን አጨፍግጌ «ሲስተር አሳዳጊዋ አርፋባታለች» አልኩ። አፌን በጋቢ ባላፍነው ሳቄ ጉና ተራራ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወሬውን የሰሙ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ከፊት እማማ ውድነሽ፣ ትኩስ የባቄላ ንፍሮ በሰፌድ ይዘው። ጎረቤቴ ናቸውና ባቄላውን አወቅሁት። ለዘር ያስቀሩት ነው፤ ሌላ የላቸውም። ጋቢዬን ከአፌ ላይ አወረድኩ።

«በል የሟቿን ፎቶ አምጣ» አሉኝ፤ በእኛ አገር ፎቶ ተይዞ ነው የሚለቀሰው። ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩና «ሰው የታለ?» አሉ።

«ቤት ናት፣ እማማ። ባቡር የሚቆምባት። ቀልዴን ነበር።» የአባቷንም ነገር መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው።

ለቀስተኛው ሁሉ እኔን ያየኝ ጀመር። እማማ ፎቶዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጓት።

«ታዲያ ምኑን ዋሸህ? አሳድጋታለች እኮ።»

ከዚያ ፎቶዋን ከፍ አድርገው ሙሾ አወረዱላት። ሲስተር አንድም ቃል ሳይገባት ትከሻቸው ላይ ወድቃ አነባች። ሲጨርሱ ለእኔም እፍኝ ሙሉ ዘገኑልኝ። «ብላ፣ ልጄ። አንተም ለቀስተኛ ነህ።»

በላሁ። ክረምት ሲገባ የእማማ ማሳ ጦሙን አደረ።

ባለፈው ሳምንት አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤቴ ይህን ሁሉ አያውቅም። «ካልበላኸው አምጣ» ብሎ ንፍሮዬን ወሰደ። አንዲት ፍሬ ባቄላ ግን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። የተቀቀለ እንደማይበቅል አጥቼው አይደለም።