የጣሪያና ግድግዳ ቅሬታ

ሶዶ ማዘጋጃ ቤት የጣሪያና ግድግዳ ግብር ቅሬታ የምትቀበለው ብሩክታይት፣ ፊቷ የቆሙትን ሽማግሌ ከዚያ በፊት አይታቸው አታውቅም። ጫማቸው ተወልውሏል። የኮታቸው ቁልፎች ግን እያንዳንዳቸው በተለያየ ቀለም ክር ተተክለዋል። ያንጠለጠሉትን ጀሪካን ጠረጴዛዋ ላይ ዱብ አደረጉት።

«ማስረጃ ነው! ትናንት ማታ ከጣሪያዬ የወረደ ውሃ። እስቲ ቅመሺው፣ ዝገት ዝገት ይላል። ይህን ወንፊት ነው ገማቾቹ አንደኛ ደረጃ ያሉት!»

ብሩክታይት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቅጹን አወጣች። «ችግር የለም አባባ፣ ቤቱ በሙሉ ወደ ሦስተኛ ይውረድ ብዬ እጽፋለሁ። ግብሩም ይቀንስልዎታል።»

ይመርቁኛል ብላ ስትጠብቅ ሽማግሌው ተቆጡ።

«በሙሉ? ማን በሙሉ አለሽ? ቆርቆሮውን የመታሁት እኔ ነኝ፤ እሱን እንደፈለግሽ አውርጂው። ግድግዳውን የመረገችው ግን ሟች ባለቤቴ ናት። እሷን ሦስተኛ ልትያት ነው?»

«ቅጹ ላይ እኮ ለአንድ ቤት የሚጻፈው አንድ ደረጃ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ጥቂት አሰቡ።

«እንግዲያውስ አንደኛ እንዳለ ይቆይ፤» አሉና፣ ማስረጃቸውን እያንቦጫቦጩ ወጡ።