ጋሽ ሞገድና የስቅለት ዕለት ውሃ

ባለፈው ዐቢይ ጾም ሰናይት ፌርፋክስ ጎዳና ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዘችኝ። ሰናይት ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት፣ እንደ እህቴ ልጅ የማያት ሴት ናት። ልጇ ሊያ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዳ ያደገች ናት፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገብታ፣ ያን ቀን ማምሻውን ወደ ሳንዲያጎ ነድታ መርከቧ ላይ ልትሳፈር ነበር። የተገናኘነው ለስንብት ነው። እኔን ከሎንግ ቢች አምጥተው፣ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሰፈሩን ደጋግመን ዞረን ስንገባ ጾሙ ሊፈታ ገና ነበር። የጾም በያይነቱ አዘን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እንዳታመጡት ብለን ባዶ ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። አስተናጋጇ ልማድ ሆኖባት በረዶ የሞላበት ውሃ ደርድራልን ሄደች። ማናችንም አልነካነውም። በኪሴ የቀን የደም ግፊት ክኒኔ ነበረ፤ እሱም ዘጠኝ ሰዓትን ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ እርስዎ የባሕር ሰው ነበሩ» አለችኝ ሰናይት። «እስቲ ይምከሩልኝ። መርከብ ላይ ብትሆንም ሕማማቱን እንድትጾም ቃል ያስገቡልኝ። ስለሷ ተስያለሁ።»

«ማሚ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ነው ዎች የማደርገው፣ ጥበቃውን፤ ሶ ሃርድ ነው» አለች ሊያ። ወደኔ ዞረችና፣ «ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ታደርገው ነበር?»

«አንቱ በያቸው እንጂ!» አለች እናቷ።

አንቱታው ቢቀር ግድ የለኝም። ጥያቄዋ ግን ወጣትነቴን ሙሉ ይዞት የኖረ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በምክር ፈንታ የጋሽ ሞገድን ነገር አወራኋቸው።

ምጽዋ የባሕር ኃይል ኮሌጅ እስክገባ ድረስ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ከአስመራ ቁልቁል ያንን ጥምዝምዝ መንገድ ስንወርድ፣ ከጉሙ ወጥተን ሙቀቱ ውስጥ ስንገባ፣ መጀመሪያ ካፖርታችንን፣ ቀጥሎ ሹራባችንን፣ በመጨረሻም ኩራታችንን አወለቅን። ከመምህሮቻችን አንዱ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ ካፒቴን ነበር። ደረቅ መሬት ላይ እንኳ ወዲያና ወዲህ እያለ ስለሚሄድ ጋሽ ሞገድ ብለን አወጣንለት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ጢም ሳያበቅል ሰሜን ባሕር ላይ መድፍ ሲጮህበት የዋለ ሰው ነው። ሰላም ሲሆን መርከቦቹ ተቀነሱ፤ መኮንኖቹም አብረው ተቀነሱ። እሱም አገሩ ገብቶ ዶሮ አረባ። ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ ከዶሮዎቹ መሀል ጠሩትና፣ የጭነት መርከቦችን እያጀበ አትላንቲክን የሚያቋርጥ የጦር መርከብ ሰጡት።

ይህን ሁሉ እየሳቀ ነበር የሚነግረን። አንድ ቀን ብቻ ሳይስቅ ነገረን። ካጀባቸው መርከቦች አንዷ በሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጠመች፤ ሰዎቿ ባሕሩ ላይ ቀሩ። ሰርጓጁ እዚያው አካባቢ ስለነበረ የተሰጠው ትእዛዝ እንዳትቆም የሚል ነበር። አልቆመም። «ስቀርባቸው መጣልን ብለው በደስታ ጮኹ» አለን። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ ከክፍል ወጣ።

በሁለተኛው ዓመታችን ወደ ዳህላክ ደሴቶች ለልምምድ ልንወጣ ሆነ። ጋሽ ሞገድ ሃይማኖታችንን አክብሮ ጉዞውን ከፋሲካ በኋላ አደረገው። ያሰላው ግን በራሱ ቀን መቁጠሪያ ነበር። የፈረንጆቹ ፋሲካ አልፏል፤ የእኛው ስቅለት ደግሞ ባሕር ላይ ሊያገኘን ነው። «ፋሲካችሁ እንዴት አለፈ?» ሲለን እርስ በርስ ተያየን። ለእኛው ያሰበውን አዛውንት ተሳስተሃል ብሎ ማን ያሳፍረው? በአንድ ድምፅ «ደኅና፣ ጌታዬ» አልነው። ይሉኝታ የማያሳፍረን መርከብ የለም።

ጎን ለጎን የምንተኛው ጓደኛዬ ወርቅነህ የመንዝ ልጅ ነው። እናቱ በጠና ታማ ስለነበር እሷን ማርልኝ ብሎ ሊያከፍል ተስሏል፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ የትንሣኤ ሌሊት ዶሮ እስኪጮህ እህል ውሃ በአፉ ላይዞር ማለት ነው።

አርብ ዕለት ባሕሩ ረግቶ፣ የመርከቧ ብረት በጫማችን ሶል አልፎ ያቃጥል ነበር። ከታች ለጋሽ ሞገድ የሚጠበሰው ዓሣ ከናፍጣው ጋር ይሸታል። ባሕሩን ለሚቃኙት ተረኞች በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ እየዞረ የሚያድለው እሱ ራሱ ነበር። «የተጠማ ዓይን የሌለ መርከብ ያያል» ይላል። ወርቅነህ ኩባያውን ተቀብሎ አፉን ሞልቶ ይጎነጫል፤ ሽማግሌው ጀርባውን ሲሰጠው ባሕሩ ላይ ይተፋዋል።

«ለታመመ ሰው የንስሐ አባትም ይፈቅዳሉኮ» አልኩት።

«የታመመችው እናቴ ናት፤ እኔ አይደለሁም» አለኝ።

ከቀትር በኋላ ዞር ስል ወርቅነህ የቆመበት ቦታ ባዶ ነው። «ሰው ባሕር ገባ!» ብዬ ጮኽኩ። መርከቧ ስትዞር ሁለመናዋ ተንቀጠቀጠ። ጀልባ አወረድን። ጋሽ ሞገድ መደገፊያውን ብረት ጣቶቹ እስኪነጡ ጨብጦ «ቆሜያለሁ! ቆሜያለሁ!» ይላል። እንዲቆም የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ወርቅነህን አወጣነው። የዋጠውን የባሕር ውሃ አስመለሰው፣ ትንፋሹም ተመለሰ። ጋሽ ሞገድ አጠገቡ ተንበርክኮ ንጹሕ ውሃ አፉ ላይ ቢያደርግለት ጥርሱን ነከሰ። ሳይወድ የዋጠው ጾሙን አልገደፈበትም፤ ወዶ የሚጠጣው ግን ይገድፍበታል።

«ለምንድን ነው የማይጠጣው?» አለ ሽማግሌው እኔን እያየ።

ነገርኩት። ስለ ስእለቱም ስለ እናቱም ነገርኩት።

«ዛሬ ነው ስቅለት?»

«አዎ፣ ጌታዬ። የእኛ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሁላችንንም በየተራ አየን፤ መርከቧ ወደ ምጽዋ እንድትመለስ አዘዘ፤ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ያ የሚፋጅ ብረት ላይ ከወርቅነህ ጎን ተቀመጠ። «እሱ ካልጠጣ እኔም አልጠጣም» አለ። ለመንነው፤ እንደ ልጅ ጭንቅላቱን ነቀነቀብን። ወደቡ ገና ሩቅ ነው። ሲቆይ ከንፈሩ ደረቀ፤ አንገቱም ወደ ጎን ይዘነብል ጀመር።

ወርቅነህ ዓይኑን ገልጦ አተኩሮ አየው። ከዚያ በአማርኛ፣ «ይህ ሽማግሌ ሊሞትብን ነው። አምጣው ኩባያውን» አለኝ። እያለቀሰ ጠጣ። ጋሽ ሞገድም የተረፈውን ተቀብሎ ጠጣ።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ የእናቱ መርዶ መጣ። «እኔ ነኝ የገደልኳት» አለኝ ወርቅነህ። ምንም ብለው አልሰማኝም። ለጋሽ ሞገድ ልንገረው ብዬ ስነሳ ኮሌታዬን ያዘኝ። «ትንፍሽ ብትል ወንድሜ አይደለህም። ያ ሰው አንድ ነፍስ አተረፍኩ ብሎ ነው አሁን እንቅልፍ የሚወስደው።»

ክረምቱ ሳይገባ የጋሽ ሞገድ ኮንትራት አለቀ። ወደቡ ላይ ሲሰናበተን የወርቅነህን እጅ አልለቅ አለ። «ላንተ ቆሜያለሁ» አለው። ወርቅነህም ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ባሕር ኃይሉን ለቅቆ አገሩ ገባ። አብዮቱም እኛን በየፊናችን በተነን። ራሱን ይቅር ይበል አይበል እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ታሪኬን ስጨርስ በረዶው ሟሙቶ ብርጭቆዎቹ አልቧቸው ነበር።

«እናቱ ሞተች» አለች ሰናይት በቀስታ። ሌላውን የሰማች አልመሰለኝም።

«ካፒቴኑስ ኔቨር አላወቀም?» አለች ሊያ።

«አላወቀም። እንኳንም አላወቀ።»

ዓይኗ ኪሴን የሚዳብሰው እጄ ላይ አረፈ። «ጋሼ፣ ክኒንህን ወስደሃል?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን።»

ብርጭቆዋን በጣቷ ገፋ አድርጋ ከፊቷ አራቀችው። «ኦኬ። አንተ ካልጠጣህ እኔም አልጠጣም። ሺፑ ላይም አልጠጣም። ለማሚ ፕሮሚስ አደርጋለሁ።»

ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ። የፈለገችው ቃል ይኸውና ተገኘ፤ የሚቀረው የኔ ዝም ማለት ብቻ ነው። ሰዓቱም ቢሆን ሩቅ አልነበረም። እኔ ግን የታየኝ ያ የሚፋጅ ብረትና የዚች ልጅ የደረቀ ከንፈር ነው። ያደረግሁት ጽድቅ ይሁን ኃጢአት አላውቅም። ወርቅነህም ኩባያውን ሲያስመጣ አያውቅም ነበር።

ክኒኔን አውጥቼ በውሃው ዋጥኩት። ሊያም ብርጭቆዋን አንስታ ጠጣች። ሰናይት አልተቆጣችንም። የራሷን ውሃ ሳትነካ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሁለታችንንም ስም ስትጠራ ሰማኋት።