የበሩ ሰዎች ገጽ

ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሞ ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖሯል። በእነዚያ ዓመታት በታተሙት የተመራቂ ተማሪዎች መጽሔቶች ላይ አንድ ቀን እንኳ ፎቶው አልወጣም። እኔ በዚያው ግቢ የአማርኛ መምህርት ነኝ። የእኔ ፎቶ በየዓመቱ ይወጣል፤ ከቋንቋ መምህራን ጋር፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከነዲግሪዬ። መጽሔቱን ይዤ ቤት ስገባ እሱ መጀመሪያ የሚፈልገው የእኔን ገጽ ነበር። «ዘንድሮ ደግሞ ኮስተር ብለሻል፤ ማን አስቆጣሽ?» ብሎ ይስቃል። የእኔስ ብሎ አያውቅም። እኔም የእሱስ ብዬ አልጠየቅኩም። ይህን ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። እዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ለመድረስ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ደብረ ታቦር ተመድቤ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት አርፍጄ ደረስኩ። ቁመቴ አጭር ነው፣ ደብተርም አቅፌ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጎ አየኝና «ዝግ ነው!» አለኝ።

«መምህርት ነኝ» ስለው፣

«ትናንትም አንዷ እንዲሁ ብላኛለች» ብሎ ዘጋው።

ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው መጥተው እስኪያስገቡኝ ድረስ ውጭ ቆምኩ። በሁለተኛው ዓመት ተጋባን። በመምህራን ማረፊያ ክፍል «ዲግሪ ይዛ ለዘበኛ!» ተባለ። እኔ ስገባ ወሬው ይቆማል፣ ስወጣ ይቀጥላል። መልስ አልሰጠሁም። ያኔ ዝምታዬ ኩራት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግማሹ ፍርሃት ነው።

ተማሪዎቹ «ዝግ ነው» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር። እንዲህ እያለ ግን ያላስገባው ልጅ ትዝ አይለኝም። በተለይ ከጋፋት መንደር ወዲያ በእግራቸው የሚመጡትን፣ እግራቸው ላይ ያለውን ጭቃ አይቶ ያሳልፋቸዋል። እሱም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ያስቀረው ያው መንገድ ነበር።

በጥቅምት ሞተ። ስለ ሕመሙ አልጽፍም።

የመጽሔት ኮሚቴው ተጠሪ መምህርት ስሆን ዘንድሮ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ከሐዘኑ በኋላ «ዘንድሮ እንኳ ይረፉ» አሉኝ። አላርፍም አልኩ። ሚያዝያ ላይ የተማሪዎች መማክርት ሰብሳቢዋ፣ አፏ ከእግሯ የሚቀድም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«ቲቸር፣ ዘንድሮ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች የራሳቸው ገጽ ይኑራቸው የሚል ሐሳብ ይዘናል። ከነፎቷቸው።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ማንም። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ነው የገባሁት።»

ለባሏ ብላ ነው እንዳይባል፣ ሐሳቡ በመማክርቱ ድምፅ ይሰጥበት፣ እኔም ከክፍሉ እወጣለሁ አልኳት። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«መጽሔቱ የእኛ ነው» አለ አንዱ ልጅ። «የእኛ ፎቶ እየጠበበ ለዘበኛ ገጽ?»

«አንተማ በአጥር እየዘለልክ ከየት ታውቃቸዋለህ!» አለችው ሰብሳቢዋ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ቲቸር ስላዘኑ ነው እንጂ ሌላ ጊዜ ማን ያስበው ነበር?» አለች ሌላዋ።

«ለለቅሶ ከሆነ ቤታቸው ሂዱ። እዚህ የምንሰጠው ድምፅ ነው» አለች ሰብሳቢዋ።

ሐሳቡ በብዙ ድምፅ አለፈ። የባለቤቴም ስም ያለበትን ረቂቅ በወረቀት አትመን ለምክትል ርዕሰ መምህሩ አስገባን፤ ያለ እሱ ፊርማ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ነገር የለም። በሁለተኛው ቀን ሲመለስልን ገጹ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ነበር። ሰብሳቢዋን ይዤ ቢሮው ገባሁ። ምክትሉ በፊት ተማሪዬ ነበር። በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አንተ አልኩት።

«ምን ሆነህ ሰረዝከው?»

«መምህርት፣ ይረዱኝ። መጽሔት የትምህርት ማስታወሻ ነው። ስማቸውን በመጨረሻው ገጽ በትንሽ ፊደል እናውጣላቸው። ሰውስ ምን ይላል? ለባሏ ብላ ነው ይላሉ።»

«ይበሉ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሉ ኖረው መቼ ደከማቸው? አንተንስ ስንት ቀን አርፍደህ አስገብቶሃል?»

አንገቱን ደፋ። «ደግሞም እሳቸው ዐርፈዋል» አለ። «መጽሔቱ የሚይዘው ዘንድሮ ያሉትን ነው።»

ሰብሳቢዋ ጣልቃ ገባች። «እንግዲያው ያሉት ፎቶ ይነሱ?»

«ያሉት… እሺ፣ ያሉት ይነሱ» አለ። በዚህ የተገላገለ መሰለው።

ለጥበቃዎቹና ለጽዳት ሠራተኞቹ ደስ አለኝ። ባለቤቴ ግን ቀረ። ከቢሮው ስንወጣ ልጅቷ ክንዴን ይዛ፣ «ቲቸር፣ ማተሚያ ቤቱ ባሕር ዳር ነው። ፍላሹን ይዘን የምንሄደው እኛ ነን። መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት ከተማን ሳናልፍ የጋሼን ፎቶ እጨምረዋለሁ፤ ማን ያየናል?» አለችኝ። የእሱ የመታወቂያ ፎቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እጄ ወደዚያው ሄዶ ነበር፤ አልዋሽም። ግን እምቢ አልኳት። ሃያ ሁለት ዓመት በር የጠበቀን ሰው በአጥር አሾልኬ አላስገባውም።

ቤቴ ገብቼ ተናደድኩ። ሐዘን ከመጣብኝ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እንባዬን ነው። ያን ቀን ያለቀስኩት ግን በንዴት ነበር። «ያሉት ይነሱ» የሚለው ቃል ሌሊቱንም ጠዋቱንም ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ያሉት እነማን ናቸው? እሱ ከሌለ፣ በእሱ ቤት ያለሁት እኔ ማን ነኝ?

የፎቶው ቀን ግንቦት ውስጥ ነበር፤ ከጉና ተራራ በኩል ብርድ የያዘ ነፋስ ይነፍሳል። መምህራኑ ከባንዲራው ፊት ለፊት ወንበር ደርድረው ተሰለፉ። ባልደረባዬ ነጭ ነጠላ ይዛ መጣች።

«ለአንድ ፎቶ እንኳ ጥቁሩን አውልቂው፣ እቴ። መጽሔቱን ታጠቁሪዋለሽ።»

«አይጠቁርባችሁም። እኔ እዚህ አልነሳም።»

ግቢውን አቋርጬ ወደ በሩ ሄድኩ። ሦስት ጥበቃዎችና አራት የጽዳት ሠራተኞች ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዷ ጸጉሯን አዲስ ተሠርታለች። ሽማግሌው ጥበቃ የተዋሱት ኮት እጁ ረዝሞባቸው ጣታቸው አይታይም።

«ምነው፣ የመምህራኑ ወንበር ሞላ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፤ ካላስቸገርኩ ከእናንተ ጋር ልቁም።»

እሳቸው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከጽዳት ሠራተኞቹ ትልቋ ግን አልሳቀችም። ክንዴን ይዛ ከብረቱ በር በስተቀኝ ወዳለው ምሰሶ ወሰደችኝ። «እዚህ ነበር የሚቆመው» አለች።

ምክትሉ ከወዲያ እየተጣደፈ መጣ። «መምህርት፣ ቦታዎ እዚያ ነው።»

«ያሉት ይነሱ ብለሃል። አለሁ።»

«እርስዎ እኮ ጥበቃ አይደሉም!»

«የጥበቃ ሚስት ነኝ። ይኸን ከአፌ ስሰማ ለራሴም የመጀመሪያዬ ነው። በል፣ ከፎቶው ላይ ዞር በል፤ ብርሃኑን ጋረድከን።»

ፎቶ አንሺው ሳቁን አፍኖ ጠበቀ። ምክትሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያ ሌላ። ተነሳን።

ቀጥሎ የመጣው የስሙ ጉዳይ ነው። በመጽሔቱ ደንብ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ስምና የሥራ ድርሻ ይጻፋል። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ «ከእርስዎ ሥር ምን ልበል?» አለችኝ። በእጄ ጽፌ ሰጠኋት። የእሱን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፍኩና፣ ከፊቱ «የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የነበረው የ» ብዬ፣ ከኋላው «ባለቤት» ጨመርኩ። የእኔን ስም አላስገባሁም። ዲግሪዬንም ተውኩት።

ምክትሉ ረቂቁን ሲያይ ቀዩ እስክሪብቶ በእጁ ነበር። «የእርስዎ ስም የለም» አለኝ።

«የእኔን በየዓመቱ አውጥታችሁታል።»

መስመሩን ደጋግሞ አነበበ። የሚሰርዘው ቢኖር የባለቤቴን ስም ነው፤ ያን ከሰረዘ ደግሞ አንዲት መምህርት ስም አልባ ሆና በሩ ላይ ቆማ ልትቀር ነው። እስክሪብቶውን ቀይሮ ፈረመ። አላመሰገንኩትም።

መጽሔቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ደረሰ። በማረፊያ ክፍላችን እየተቀባበሉ ሲያገላብጡት፣ ነጭ ነጠላ ያመጣችልኝ ባልደረባዬ ያን ገጽ ገልጣ ቀና አለች።

«ምነው ራስሽን እዚህ ጣልሽ?»

«ከሥሩ የተጻፈውን አንብቢልኝ» አልኳት።

«አንቺው ጽፈሽው የለም?»

«ጮክ ብለሽ፤ ሁሉም እንዲሰማ።»

ዙሪያዋን አየች፣ መነጽሯን አስተካከለች፣ አነበበችው፤ ስሙን ከነአባቱ፣ እስከ አያቱ ድረስ።