የዓርቡ ከበሮ

የተጫረ ክብሪት ሲሸተኝ ዛሬም ልቤ ይደነግጣል። በልጅነቴ ብቸና ላይ ታናሽ እህቴ ትርንጎ በወደቀች ቁጥር ጎረቤት ተሯሩጦ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ያሸታት ነበር። እኔም እግሮቿ መሬቱን ሲደበድቡ እያየሁ፣ ዓይኔን መጨፈን እየፈለግሁ ሳልጨፍን፣ «እመቤቴ፣ መልሽልን» እያልሁ እቆም ነበር።

እናቴ ይህ የሚጥል በሽታ በከበሮ የሚነሣ ይመስላት ነበር። ትርንጎ መጀመሪያ የወደቀችው በአክስታችን ሰርግ፣ ከበሮ ሲመታ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ጥር ገብቶ ሰርግ በየደጁ ሲደምቅ እኛ በራችንን ዘግተን፣ ጆሮዋን በነጠላ ጠቅልለን እንቀመጥ ነበር። ክረምት ሲገባ ጠበል ወስዳ ታስጠምቃት ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ትወድቅበታለች ብላ ከደጅ አታስወጣትም ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትርንጎ አንደኛ ክፍል ስትገባ እኔ አራተኛ ነበርሁ። «ሙዚቃ የሚሉት ትምህርት ሲደርስ ይዘሻት ውጪ» አለችኝ እናቴ። «እዚያ ከወደቀች ሁለተኛ ትምህርት ቤት የሚባል የለም።»

ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከክፍሌ አስፈቅጄ፣ እሷን ከክፍሏ ጎትቼ አውጥቼ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ጆሮዋን በሁለት እጄ ይዤ እቆም ነበር። ከበሮው በተሰማ ቁጥር እጄን አጠብቅ ነበር። ትርንጎ ግን አብራ ታዜም ነበር። «እታለም፣ ልቀቂኝ፤ ግጥሙ አመለጠኝ» ትለኝ ነበር።

አንድ ዓርብ የሙዚቃ መምህሯ፣ መምህርት የሺእመቤት፣ ተከትለውን መጡ። እጆቼን ከእህቴ ጆሮ ላይ ቀስ አድርገው አንሥተው ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ እያለቀስሁ ነገርኋቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን መጡ።

«እትዬ አለሚቱ፣ ቤት ስትወድቅስ ከበሮ ይመታል?» አሏት እናቴን።

«የለም። የምትወድቀው እንቅልፍ ያጣች ለት ነው» አለች እናቴ።

«እንግዲያ ከበሮው ምን አጠፋ? ዓርብ እርስዎም መጥተው ይዩ።»

«እመጣለሁ። ከወደቀች ግን ይዣት እሄዳለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ።»

ዓርብ ሲደርስ መምህርት የሺእመቤት ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግተው፣ ልጆቹን ሁሉ ሰሌን ላይ ክብ አድርገው አስቀመጡ፤ መሬት የተቀመጠ ልጅ ቢወድቅም አይሰበርም ብለው ነው። ከበሮው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሁሉም በየተራው ይመታ ነበር። ትርንጎ ብትወድቅ ጠጣር ነገር እንዲያርቁ፣ ከራሷ ሥር ልብስ እንዲያደርጉ፣ አፏ ውስጥ ምንም እንዳይጨምሩ፣ መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኗ እንዲያስተኟት እንደ ዘፈኑ ሁሉ ደጋግመው አስጠኗቸው።

«ይጋባል፣ አትንኳት» አለ አንዱ ልጅ።

«እኔ ይኸው ነካኋት። ምን ሆንሁ?» አሉና እጃቸውን አገላብጠው አሳዩት።

እናቴ ዓርብ ዓርብ በሩ አጠገብ ክብሪቷን ጨብጣ ትቀመጥ ነበር። እኔም አስፈቅጄ በመስኮት አይ ነበር። ጥቅምት በሰላም አለፈ፤ ኅዳርም አለፈ። አጨዳው በደረሰበት ሰሞን ትርንጎ ጉንፋን ይዟት ሌሊቱን ስትስል አድራ፣ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሳይጀመር፣ ከበሮው ዝም ባለበት ወደቀች።

የክብሪቱ ሣጥን እናቴ እጅ ውስጥ ሲንኳኳ እስከ መስኮቱ ተሰማኝ። ከትርንጎ ጎን የነበረችው ልጅ ሻሿን ፈትታ ከራሷ ሥር አደረገች። ያ ይጋባል ያለው ልጅ ከበሮውን አራቀ። መምህርቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘፈኑን ጀመሩ፤ ልጆቹም እየፈሩ፣ አንዳንዱም እያለቀሰ ተቀበሏቸው። እኔ የሞተች መስሎኝ ነበር። ቆይቶ መንቀጥቀጡ በረደ፤ በጎኗ አስተኟት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓይኗን ገለጠች።

«ዘፈናችን አስተኛሽ እንዴ?» አለቻት ባለ ሻሿ ልጅ።

«ተራዬ አለፈ?» አለች ትርንጎ።

«አላለፈም። ቁጭ ብለን እየጠበቅንሽ ነው።»

እናቴ ተነሣች። ይዛት ልትሄድ ነው ብዬ መስኮቱን አንቄ ያዝሁ። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ ሰሌኑ ላይ ከትርንጎ ኋላ ተቀመጠችና ጀርባዋን በደረቷ ደገፈችላት፤ ትርንጎም በደከመ እጇ ከበሮውን መታችው።

ዛሬ እኔ ሞጣ ላይ የልጆች እናት ነኝ። ትርንጎ እዚያው ብቸና ናት፤ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ጠበሏንም ትጠጣለች፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት መዝሙር ታስጠናለች። አልፎ አልፎ ትወድቃለች። ስልኬ ባልታሰበ ሰዓት ሲጮኽ ያ የልጅነት ፍርሃት እንዳለ ይመጣብኛል። ያኔ ግን ብትወድቅ ከእኔና ከእናቴ በቀር የሚደርስላት ያለ አይመስለኝም ነበር፤ አሁን ስልኩን ሳነሣ አንዲት ሕፃን «እትዬ ትርንጎ ወድቀው ነበር፤ በጎናቸው አስተኝተናቸው ተነሥተዋል፤ አይፍሩ» ትለኛለች። ተመስገን ብዬ እቀመጣለሁ።