ኦቦ ቶሎሳና የቻይንኛው «ድንገት»

ቻይንኛ ያስተማሩን ኦቦ ቶሎሳ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ጌዶ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን የሰማሁት አምቦ ቢሮዬ ውስጥ ነው። የጀመርኩትን ትርጉም አቋርጬ ባገኘሁት ሚኒባስ ሄድኩ። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው።

ኦቦ ቶሎሳ ጌዶ አጠገብ ባለ የቻይናውያን የመንገድ ሥራ ካምፕ አስተርጓሚ ነበሩ። ንግግሩን ከሠራተኞቹ ጋር እየዋሉ፣ ጽሑፉን ደግሞ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገሉ ነው የለመዱት። ቅዳሜ ቅዳሜ አምቦ እየመጡ ጥቂት ተማሪዎችን በነጻ ያስተምሩን ነበር። ወልጄ ከትምህርቱ በቀረሁ ጊዜ ቤቴ ድረስ መጡ። ሕፃኗን ታቅፈው እያባበሉ፣ «ኢንተላ ኮ፣ አሁን እጅሽ ነጻ ነው፤ ጻፊ» አሉኝ። «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ ሴቶቹን ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚጠሩን።

ከሁሉ የማልረሳው የምንጩን ደብዳቤ ነው። ከካምፑ በላይ ያለው መንደር የሚቀዳበት ምንጭ፣ ለመንገዱ ሲባል ቋጥኝ በፈንጂ በፈረሰ ማግሥት ደረቀ። ነዋሪዎቹ «ድንገት ደረቀ» ብለው አቤት ቢሉም፣ ማመልከቻቸውን ወደ ቻይንኛ የተረጎመው ሰው «ድንገት» ያሉትን «ጁጂየን» ብሎ ጻፈው፤ «ቀስ በቀስ» ማለት ነው። የካምፑ ኃላፊዎችም «በጋው ነው ያደረቀው» ብለው መለሱ።

ኦቦ ቶሎሳ እንደገና እንድጽፈው ሰጡኝ። እኔ «ቱራን» አልኩ፤ ተራውን «ድንገት»። አንብበው ፈገግ አሉ።

«ይሄ ምሳ ላይ የሚወራበት ነው። ለደብዳቤ የሚሆነው ‹ጆውራን› ነው። የካምፑ መሐንዲስ ይህን ካየ የደረቀበትን ቀን ይጠይቃል።»

«እርስዎ እኮ የእነሱ ሠራተኛ ነዎት፤ ቢቀየሙዎትስ?»

«ይቀየሙኛል። ሴቶቹ ግን ውኃ ፍለጋ ግማሽ ቀን እየተጓዙ ነው» አሉና በተርጓሚው ቦታ የራሳቸውን ስም ጽፈው ፈረሙ።

መሐንዲሱ በእርግጥም ቀኑን ጠየቀ፤ ፈንጂው ከፈነዳበት ቀን ጋር አመሳከረው። ብዙ ሳይቆይ ከሌላ ምንጭ እስከ መንደሩ ቧንቧ ተዘረጋ። ኦቦ ቶሎሳ ግን ከአስተርጓሚነት ተነሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። ስናዝንላቸው፣ «እዚህ ጸጥታ አለ፤ እንደልቤ አነባለሁ» ብለው ሳቁብን።

ኦቦ ቶሎሳ፣ ሰዎች ትርጉሜን ሲያደንቁ የእርስዎን ስም ሳልጠራ ዝም ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከካምፕ አስተርጓሚ ተማርኩ ማለት አፍሬ ነበር። በቀብርዎ ዕለት ግን በሕዝቡ ሁሉ ፊት ተናገርኩ። እርስዎ በሕይወት ሳሉ ነበር መናገር የነበረብኝ። ይቅር ይበሉኝ፤ በሰላም ይረፉ፣ መምህሬ።