ያልቀመስኩት የሶፊ ብርቱካን

ከአዲስ አበባ በኅዳር ወር፣ ሰኞ ጠዋት በባቡር ተነሣሁ። ጉልበቴ ከዋዜማው ጀምሮ ያመኝ ስለነበር መሄዱን አልወደድኩትም። የተላክሁበት ጉዳይም ደስ የሚል አልነበረም። ሐረር አጠገብ ሶፊ በሚባል ገጠር አንድ ገበሬ የብርቱካን ዛፎቹን እየቆረጠ ጫት ሊተክል ነው፤ ፍሬው ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፣ ቢጫ አልሆን ብሏል። «ሄደህ እይና ዛፎቹ ለመቆረጥ የሚያበቃ ጉድለት እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው ንገረን» ተባልኩ።

በእርሻ መሥሪያ ቤታችን ሥራዬ ወትሮ የአኩሪ አተር አረም ማጥናት ነው። አረሙ በስንተኛው ሳምንት ቢነቀል ይሻላል፣ ስንት ጊዜ ይታረም ስል ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። የፍራፍሬው ባለሙያ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሲሄድ ግን ብርቱካኑም በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ባለሙያው ትቶልኝ የሄደው አንድ ከውጭ የመጣ የቀለም ካርድ ነው፤ ከአረንጓዴ እስከ ደማቅ ብርቱካናማ ትንንሽ ቀለሞች ተደርድረውበታል። ልጣጩን ከካርዱ ጋር ታስተያያለህ፣ የበሰለውን ካልበሰለው ትለያለህ። ካርዱን በደረት ኪሴ ይዤው ነበር።

አዋሽ ጣቢያ ላይ የቀዘቀዘ መኮሮኒ በላሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሙቀትና አቧራ ነው። ድሬዳዋ ስንደርስ እንኳን ከተማ ልዞር ራት ለመብላትም አቅም አልነበረኝም።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጣ እግሬ ከአንድ ኬሻ ሽንኩርት ሥር ተቀብሮ ነበር። ባለ ሽንኩርቷ ሴትዮ «አይዞህ፣ ሐረር ስንደርስ ይነሣልሃል» አለችኝ። ዳገቱ ሲያልቅ ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ የዓለማያ ሐይቅ በቀኝ ታየ፤ ከቀትር በፊት ሐረር ገባን።

ከግንቡ ውጭ ባለው የእርሻ ቢሮ የጠበቀኝ ባሻ ጥላሁን ነው። ድሮ ወታደር፣ አሁን የቢሮው ጸሐፊ፤ አያቱ ከሸዋ የመጡ፣ እሱ ግን ሐረር ተወልዶ ያደገ ነው። እንደ አገሩ ልማድ ለማንም «አንተ» ነው የሚለው።

«አቦ፣ ዘገየህ! ዘጠኝ ዛፍ ቆርጧል» አለኝ ገና እጄን ሳይለቅ።

«ምን ነካው? ሌላው ገበሬ አረንጓዴውን እየሸጠ አይደል?»

«እሱም ይሸጥ ነበር። አምና የድሬዳዋው ነጋዴ 'ቀለሙ ልክ አይደለም' ሲለው እኔው ራሴ አንድ ሣጥን ፍሬ ለእናንተ መሥሪያ ቤት ላክሁ። 'አልበሰለም፣ ቢጫ ሳይሆን እንዳይለቀም' የሚል ወረቀት መጣ። ጠበቀ። ፍሬው ዛፉ ላይ ደርቆ ረገፈ። ዛፉም ያን ሁሉ ተሸክሞ ስለከረመ ዘንድሮ የያዘው ጥቂት ነው።»

ሣጥኑን አስታወስኩት። አንዷን ፍሬ ብቻ አንሥቼ ካርዱ አጠገብ ይዤ፣ ሦስት መስመር ጽፌ፣ ስለ ክፍሉ ኃላፊ ብዬ ፈረምኩ። አንዲትም አልቆረጥኩም። የቀረውን ለዘበኛው ሰጠሁት፤ በማግስቱ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ማር ነው» ሲለኝ እንኳ አልነቃሁም። ፊርማዬ አይነበብም፤ ባሻም የማን እንደሆነ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ረቡዕ

ባሻ በማለዳ ጊደር መጋላ ገበያ ወሰደኝ። የገበሬው ባለቤት አዴ ፋጡማ ከተቆረጡት ዛፎች የተለቀመ ብርቱካን ትሸጥ ነበር፤ አምስቱ በአሥር ሳንቲም። ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ሴቶቹ እንዴት እንደሚመርጡ ቆሜ አየሁ። ቀለሙን ማንም አያየውም። አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ መዳፍ ይዘው ይመዝናሉ፤ ከባዱ ውኃ የሞላው ነው። ሻጯም አንዱን ለሁለት ከፍላ ከክምሩ ላይ ታኖራለች፤ የሚጠራጠር ይቅመስ ነው።

«ቅመስ» አለችኝ አዴ ፋጡማ ግማሹን ዘርግታ።

ቀመስኩ። ጣፋጭ ነው። ፊቴ በዕፍረት ተቃጠለ።

«ወደ ባለቤቴ ከሆነ መንገዳችሁ ፍጠኑ» አለች። «መጥረቢያውን ሲስል ነው የዋለው ትናንት።»

ወደ ሶፊ ቁልቁል ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን። ዳገት ልብን ያደክማል፣ ቁልቁለት ግን የእኔን ጉልበት ፈጀው። በግራና በቀኝ የታጨደ የማሽላ አገዳና የጫት መደዳ ነው። በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቃል። «እዚህ ሌሊቱ ይበርዳል?» ብለው ባሻ ሳቀ፤ «ያለ ጋቢ ነው የሚተኙት» አለኝ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። የብርቱካን ልጣጭ የሚቀላው ሌሊቱ ሲበርድ ነው፤ ካርዱ የተሠራው ሌሊቱ ብርድ ለሆነበት አገር ነው። የሶፊ ፍሬ ሆዱ በስሎም ልብሱን አይለውጥም።

ገበሬውን ኦቦ ዩስፍን ያገኘናቸው ከተቆረጠ ጉቶ ላይ ተቀምጠው፣ መጥረቢያው በእግራቸው ሥር ሆኖ ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ከቆሙት ዛፎች ፍሬ ለቅሜ ጨመቅሁ፤ ይዤ በመጣሁት የስኳር መለኪያ ጣፋጭነቱን ለካሁት። በደንብ በስሏል።

«ዛፎቹ እንከን የለባቸውም። እባክዎ አይቁረጡ» አልኳቸው።

«በቃልህ አይሆንም። አምና በወረቀት ነው የከለከላችሁኝ፣ ዛሬም በወረቀት ልቀቁኝ። ማኅተም ያለበት። አለዚያ ነገ አሥረኛውን እጥላለሁ።»

ባሻ የቢሮውን ማኅተም በመሐረብ ጠቅልሎ ከኪሱ አይለየውም። ጉልበቴ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ጻፍኩ፦ ፍሬው አረንጓዴ እንደሆነ በስሏል፤ ያምናው ትእዛዝ ተሽሯል። ብዕሬን አነሣሁ፤ ደክሞኛል፣ እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ያምናውን ትእዛዝ ሳልመረምር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ባሻ ከትከሻዬ በላይ አጮልቆ አንብቦ ደነገጠ። «አቦ፣ ራስህን ልታስበላ ነው? እሱ እንደሁ ማንበብ አይችል፣ ምን ያደርግልሃል?»

«አንብብልኝ» አሉ ኦቦ ዩስፍ።

አነበብኩላቸው፤ የመጨረሻዋን መስመርም።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀምሰኸው ነበር?»

«አልቀመስኩትም።»

«እኔ ቀምሼው ነበር» አሉ በቀስታ። «ወላሂ፣ በስሏል ብዬ ለፋጡማ ነግሬያት ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ የጃንሆይ ማኅተም አለበት። የእኔ ምላስ ከመንግሥት ይበልጣል ወይ አልኩና ምላሴን ተውኩት።»

ባሻ ማኅተሙን መታ። ኦቦ ዩስፍ ወረቀቱን አጥፈው ከጥምጣማቸው ውስጥ ከተቱት፤ መጥረቢያውን አንሥተው ወደ ቤት አስገቡት። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ቅዳሜ

ማታ ቤቴ ገባሁ። እግሬ አብጦ ጫማዬን ያወለቀችልኝ ባለቤቴ ናት። ሰኞ ዘገባዬን ለኃላፊያችን አቀረብኩ። አንብበው ሲጨርሱ «ይህችን 'የጻፍኩት እኔ ነኝ' የምትለዋን ብታወጣት ምን ይመስልሃል? የመሥሪያ ቤቱም ስም አለ» አሉኝ።

«ሶፊ ባለው ወረቀት ላይ ማኅተም አርፎባታል፣ ጌታዬ» አልኳቸው። ተቆጡ፤ ግን ፈረሙ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ስለ ልጣጭ ቀለም ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። አንድ ሰው በገዛ ማሳው፣ በገዛ አፉ ያወቀውን እንዲጠራጠር ያደረገው የእኔ ሦስት መስመር ነው። አዲሱ ወረቀት የቆሙትን ዛፎች አድኗል፤ በዚህ ደስ ይለኛል። ዘጠኙ ግን ማገዶ ሆነዋል።